እናቴ ለጨጓራ በየጠዋቱ እሬት እየጠጣች ነው፣ የቤታችን እሬትና ሱቅ ያለው አሎቬራ አንድ ነው?

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። እናቴ ጨጓራዋን ካመማት ቆየ፣ ሰሞኑን የእድር ጓደኛዋ እሬት በማር በጥብጠሽ በባዶ ሆድ ጠጪ ብላት በየጠዋቱ እየጠጣች ነው። ሙሉውን ቅጠል ነው ምትፈጨው። ጎንና ጎኑ ላይ ያለውን እሾህ ብቻ ታነሳና ከነልጣጩ ጁስ መፍጫ ውስጥ ትከተዋለች፣ ማር ጣል ታረግበትና አይኗን ጨፍና ትጨልጠዋለች። ከዛ ሆዷን ይቆርጣታል ሽንት ቤት ትመላለሳለች፣ ምነው ስላት "እያጠበኝ ነው ተይኝ" ነው መልሷ። እኔን ያሳሰበኝ ደሞ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች፣ ያ ውሃ የሚያሸናውን።

እሬቱን ቀበና መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡት ነው የገዛነው፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ተክለነው አሁን ልጆች አውጥቶ ጀሪካኑን ሞልቶታል። ቅጠሉ አጠር ሰፋ ያለ ነው፣ ነጭ ነጠብጣብ አለው፣ አበባው ቀይ ነው። ሱፐርማርኬት በጠርሙስ ሚሸጠው አሎቬራ ይሄው ነው ወይስ ሌላ? ትጠጣው ወይስ ላስቁማት? የምታውቁ እባካችሁ።

የጊዮርጊስ ልጅ፦
እሬት እሬት ነው እህቴ ያው ነው። እኛ ቤት ከአያት ጀምሮ ይጠጣል ማንም ምንም አልሆነም። የተፈጥሮ ነገር አይጎዳም፣ ሚጎዳው የፋርማሲው ኬሚካል ነው። እናትሽን ተያት ትዳንበት።

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
ቤቲዬ ከሁሉ በፊት እናትሽ ዛሬውኑ ታቁም፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

የእሬት ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያየ ነገር ነው ያለው፣ ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ሁለቱን እንደ አንድ ስናይ ነው። ቅጠሉን ስትቆርጪው ወዲያው ጠብ ጠብ የሚል ቢጫ ፈሳሽ አለ አይደል? እሱ የሚቀመጠው ልጣጩ ስር ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ዙሪያ ነው፣ ምሬቱ ያለው እሱ ውስጥ ነው፣ ዋናው ንጥረ ነገር አሎይን ይባላል። መሀሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ደሞ ሌላ ነው፣ ጄሉ እሱ ነው፣ 99 በመቶ ገደማ ውሃ ነው፣ የቀረው አብዛኛው ዝልግልግ የሚያደርጉት ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። ፊት ላይ ሚቀባው፣ በጠርሙስ ሚሸጠው፣ ክሬም ሚሰራበት ይሄ ሁለተኛው ነው። ከነልጣጩ ስትፈጪው ግን ቢጫውን በሙሉ ነው የምትጠጪው።

አሎይን ጨጓራ ላይ ምንም አይሰራም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዛ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና አንጀቱን የሚያስቆጣ ነገር ያረጉታል፣ አንጀቱ ውሃ መምጠጥ ይተውና መኮማተር ይጀምራል። ቁርጠቱም ተቅማጡም ከዛ ነው የሚመጣው። እናትሽ እያጠበኝ ነው የምትለው ይሄንን ነው፣ ጨጓራዋ ግን እዛው እንዳለ ነው።

ኪኒኑ ላይ ስንመጣ፣ ውሃ የሚያሸናው ያልሽው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ከሆነ (ፓኬቱን አይተሽ ንገሪኝ) በሽንት ፖታሺየም ያስወጣል። ተቅማጡም ፖታሺየም ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ሰውነት መዛል፣ የእግር ቁርጥማት፣ ባስ ሲል የልብ ምት መዛባት ያመጣል። ስትነሳ ያዞራታል? እግሯን ይዟታል? አዎ ካልሽኝ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰጃትና ደሟ ላይ ፖታሺየምና ኩላሊት ይታይላት። የግፊት ኪኒኗን ግን በራሷ እንዳታቋርጥ አደራ፣ የሚቆመው እሬቱ ነው።

አቤል ቀበና፦
ቆይ ከዛ በፊት እሬት መሆኑ ተረጋግጧል? ብዙ ሰው ቃጫን እሬት ነው ብሎ ሲቆርጥ አይቻለሁ፣ እኛ ሰፈር አጥር ላይ ያለው ትልቁ ሁሉ ቃጫ ነው።

እፅዋት ነኝ፦
አቤል ጥሩ ነገር አነሳህ። እኔ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ እፅዋት ነው የተማርኩት ስለዚ ትንሽ ረዘም ላርገው።

ቃጫና እሬት ሲታዩ ይመሳሰላሉ ግን ዘመዳሞች አይደሉም። ቃጫ አጋቬ ነው፣ ሀገሩ ሜክሲኮና አካባቢው ነው፣ ወደኛ በሰው የመጣ ነው። ቅጠሉን ሰብረህ ብትጎትተው ክር ክር እያለ ይመዘዛል፣ ገመድ ሚሰራበትም ለዛ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ጠንካራ ጥቁር እሾህ አለው። አበባውን በህይወቱ አንዴ ብቻ ነው ሚያወጣው፣ ከመሀሉ ምሰሶ የሚያክል ነገር ወደ ላይ ይወረውርና አብቦ ይሞታል፣ ጎኑ ያሉት ልጆቹ ናቸው ሚቀጥሉት። እሬት በየዓመቱ ያብባል፣ አብቦ አይሞትም። ቅጠሉን ስትሰብረው ቅርፍ ብሎ ይሰበራል፣ ክር የለውም፣ ውስጡ ጄል ነው። ይሄ ልዩነት ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም፣ የቃጫ ጭማቂ ውስጥ በአይን የማይታዩ መርፌ የሆኑ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ፣ ቆዳ ላይ ሲቀባ ክሪስታሉ እየወጋ ያሳክካል ሽፍታ ያወጣል ውሃ ይቋጥራል። ፊቱን እሬት ተቀብቶ ተቃጠለ የሚባለው ወሬ ውስጥ ቃጫ የተቀባም ይኖርበታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ቤቲ። ያንቺ እሬት ነው፣ አሎ ቬራ ግን አይደለም ለማለት እደፍራለሁ። ነጠብጣቡን ብቻ አይቼ አይደለም እንደዛ ያልኩት፣ ምክንያቱም አሎ ቬራም ልጅ እያለች ነጠብጣብ አላት፣ ስታድግ ነው ሚጠፋላት። ቁልፉ አበባው ነው። አሎ ቬራ በተለምዶ ቢጫ ነው ምታብበው። ቅጠሏም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚቆም፣ ረዘም ያለ፣ አመድማ አረንጓዴ ነው። ቀይ አበባ፣ አጠር ሰፋ ያለ ነጠብጣባም ቅጠል ካላት ከነጠብጣቦቹ ወገን ናት። አንድ ነገር እይልኝ፣ አንዷን አበባ ቆርጠሽ ከታች ከመቀመጫዋ ጀምረሽ ተመልከቻት፣ እብጥ ብላ ትጀምርና ወዲያው ቀጠን ትላለች? ፎቶ አንሺልኝ።

አሎ በሚባለው ወገን ስር በአለም ላይ ከ500 በላይ ዝርያ አለ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ከ40 በላይ ይገኛል፣ ብዙዎቹ ሌላ የትም የሌሉ የራሳችን ናቸው። ደብረ ብርሃን መንገድ ስትሄዱ ድንጋያማው ሳር ላይ ቀይ አበባ አውጥታ ምታዩዋት አሎ ደብራና ናት፣ አንኮበር ገደል ላይ ግንዷን አርዝማ ተንጠልጥላ ምትበቅል አሎ አንኮበረንሲስ አለች፣ ሀረር አሎ ሃርላና፣ ያቤሎ አሎ ያቬላና። እነዚህን ሀገር ላገር ዞረው ካጠኑት ዋናው ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የእንግሊዙ ኪው የእፅዋት ማዕከል አለም አቀፍ ሜዳሊያውን የሸለማቸው። እኔ ስለሳቸው ሳወራ አላቆምም ይቅርታ።

አሎ ቬራ ግን ሀገሯ አረቢያ ነው፣ ኦማን አካባቢ ያለው ተራራማ ቦታ። ስለዚ ስለ አሎ ቬራ ጄል የተጠና ነገር ሁሉ ስለሷ ነው የተጠናው፣ ያንቺ ጀሪካን ውስጥ ስላለችው አይደለም። ቢጫው ፈሳሽም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ አንዱ ጋ ያለው ንጥረ ነገር ሌላው ጋ ላይኖር ወይ በእጥፍ ሊኖር ይችላል።

የጊዮርጊስ ልጅ፦
እሺ ዝርያው ይለያይ፣ ግን አባቶቻችን ይሄን ሁሉ ሳያውቁ ነው እንዴ ሲጠቀሙ የኖሩት? መጽሐፍ ቅዱስም ላይ እኮ እሬት አለ።

እፅዋት ነኝ፦
አለ እንጂ ወንድሜ፣ ኒቆዲሞስ የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ ሲመጣ ግን ለመቀበሪያ ነው ያመጣው ለመጠጥ አይደለም።

አባቶቻችን አያውቁም ያለ የለም፣ እንደውም ከኛ በላይ ይለያሉ። የኔ ጥርጣሬ ዕውቀቱ ላይ ሳይሆን እዚህ ከተማ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ላይ ነው። ገጠር ያለ አዋቂ የትኛውን ቅጠል፣ ከየትኛው ገደል፣ ስንት ጠብታ፣ ለስንት ቀን ብሎ ነው ሚሰጠው። እኛ ጋ ሲመጣ ችግኝ ሻጩ ያመጣው ሁሉ እሬት ነው፣ መጠኑ ደሞ የጁስ ብርጭቆ ሆኗል። ምስራቁ ክፍል ሶማሌ አካባቢ የሚበቅል አሎ ሩስፖሊያና የሚባል አለ፣ ጅብ መመረዣ ነው። እሱም እሬት ነው እንግዲህ።

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
የጊዮርጊስ ልጅ፣ የተፈጥሮና የኬሚካል ያልከው ላይ ልጨምር። አሎይን ራሱ ኬሚካል ነው፣ ተክሉ ነው የሰራው፣ እንስሳ እንዳይበላው። ድሮ ፋርማሲ ውስጥም ነበረ እኮ፣ ቢጫው ፈሳሽ ተደርቆ ቡናማ ጥቁር ጓል ሲሆን ለድርቀት በኪኒን መልክ ይሸጥ ነበር። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ያለ ሀኪም ትዕዛዝ ከሚሸጡት የድርቀት መድኃኒቶች ውስጥ እንዲወጣ አደረገ፣ ምክንያቱም አምራቾቹ ደህንነቱን የሚያሳይ በቂ መረጃ ማቅረብ አልቻሉም። ከዛ ደሞ ቢጫው ሳይወጣለት ከነልጣጩ የተፈጨ የአሎ ቬራ ቅጠል ለሁለት ዓመት የጠጡ አይጦች ትልቁ አንጀታቸው ላይ እጢ አወጡ፣ የአለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍልም ይሄን አይነቱን ዝግጅት ሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው ጎራ መደበው። አንድ ቀን የጠጣ ካንሰር ይይዘዋል እያልኩ አይደለም። ቢጫው የወጣለት የተጣራው ጁስም እዛ ውስጥ የለበትም። ግን የቤቲ እናት በየጠዋቱ ሚያረጉት በትክክል ይሄኛውን ነው፣ ከነልጣጩ፣ በየቀኑ።

ነፍሰጡር፣ የምታጠባ፣ ህፃን፣ የኩላሊት ህመም ያለበት፣ ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢጫውን ጨርሶ መቅመስ የለበትም።

የሳሚ እናት፦
ስለ ህፃን ካነሳሽ አይቀር ልጠይቅሽ እህት። ጡት ለማስጣል እሬት ጡታችን ላይ የምንቀባውስ? እናቴም ለኔ እንደዛ ነው ያረገችው፣ አሁን ሳሚን ላስጥለው እያሰብኩ ስለነበር ነው።

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
የሳሚ እናት ይሄ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይመጣልኛል። የሚያስጥለው ምሬቱ ነው፣ ምሬቱ ደሞ ቢጫው ውስጥ ነው፣ ስለዚ ልጁ ምላሱ ላይ የሚያርፍለት በትክክል ያንን አሎይን ነው። ቀምሶ ፊቱን አጨማዶ ከተወ ትንሽ ነው ሚገባለት፣ ግን እያለቀሰ ደጋግሞ ሚሞክር ልጅ አለ፣ ያ ልጅ ሌሊቱን ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል፣ ለህፃን ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ቀስ በቀስ ነው ማስጥለው፣ መጀመሪያ የቀኑን አንድ ጊዜ በምግብ ትተኪዋለሽ፣ ሲለምደው ሌላውን፣ የሌሊቱን መጨረሻ ላይ። ጡትሽም እንደዛ ሲሆን አይወጠርም።

የሳሚ እናት፦
ተባረኪ። ለፀጉርስ? ፎሮፎር አለብኝ፣ ሰፈር ያሉት ሁሉ እሬት ተቀቢ ነው ሚሉኝ።

ወሎዬው፦
ለፀጉር እኛ ጋ የተለመደ ነው፣ ግን ጀሉን ብቻ። እኛ አካባቢ እሬት መቃብር ላይም ይተከላል፣ ውሃ ሳያገኝም ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚቆይ። እንዳሁላም እንጠቀማለን፣ ቅጠሏን እሳት ላይ ሞቅ አርገን እብጠት ላይ እናስራለን። እንዳሁላና እሬት ዘመድ ናቸው እንዴ? ሁለቱም ቅጠላቸው ወፍራም ነው።

እፅዋት ነኝ፦
ዘመድ አይደሉም ወሎዬው፣ ግን በአንድ ነገር ይገናኛሉ፣ የምወደው ነገር ስለሆነ ላውራው።

ብዙ ተክል ቀን ላይ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ አየር ይስባል፣ ግን ቀዳዳው ሲከፈት ውሃም በትነት ይወጣል። እንዳሁላም እሬትም ይሄን ገልብጠውታል። ቀን በፀሃዩ ዘግተው ይውሉና ሌሊት ሲቀዘቅዝ ነው ሚከፍቱት፣ የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማሊክ አሲድ አርገው ቅጠላቸው ውስጥ ያከማቹታል፣ ሲነጋ በር ዘግተው ያንን አሲድ እየፈቱ በብርሃን ምግባቸውን ይሰራሉ። ስለዚ ቅጠሉ ንጋት ላይ ይኮመጥጣል፣ ከሰዓት በኋላ ኮምጣጣነቱ ይጠፋል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ቤንጃሚን ሄይን የሚባል ሰው ህንድ ሀገር የእንዳሁላ ዘመድ የሆነች ተክል ቅጠል ጠዋትና ማታ እየቀመሰ ነው ይሄን የፃፈው፣ ምክንያቱ የታወቀው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የዚህ ዘዴ ሳይንሳዊ ስም ራሱ (ክራሱላሴያን አሲድ ሜታቦሊዝም) ከእንዳሁላ ቤተሰብ ነው የተወሰደው፣ ክራሱላሴ ከሚባለው። እሬት ደሞ ከአስፎዴላሴ ቤተሰብ ናት፣ ድሮ ከሊሊ ጋር ነበር ምትመደበው።

እንዳትቀምሷት ግን! እንዳሁላ ውስጥ ልብ ላይ የሚሰሩ መርዞች አሉ፣ ቡፋዳይኖላይድ ይባላሉ፣ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ውስጥ የእንዳሁላ ዘመዶችን የበሉ ከብቶች በልብ ህመም ይሞታሉ። በግ ያላችሁ ሰዎች ግቢያችሁ ውስጥ ያለችውን አጥሩላት።

ወሎዬው፦
እብጠት ላይ ማሰሩስ ችግር አለው?

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ሞቅ ያለ ቅጠል ማሰር ያን ያህል አያሳስበኝም፣ ሙቀቱ ራሱ ያስታግሳል። የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው፣ ጆሮ ውስጥ ጭማቂውን ማንጠብጠብና መግል የያዘ እብጠት ላይ እሱን እያሰሩ ሀኪም ቤት ሳይሄዱ መቆየት። ትኩሳት ካለው፣ ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ በቃ አትጠብቁ።

የሳሚ እናት ለፀጉርሽ እንዲህ አርጊ። ከታች ካለው ትልቅ ቅጠል አንዱን ከስሩ ቁረጪ፣ የተቆረጠውን ጎን ወደታች አርገሽ ብርጭቆ ውስጥ አቁሚው። ቢጫው እየወረደ ብርጭቆው ስር ሲጠራቀም ታዪዋለሽ፣ ሩብ ሰዓትም ግማሽ ሰዓትም ይቆይ፣ ጠብታው እስኪቆም። ከዛ እጠቢው፣ ሁለቱን ጎን እሾኹን አንሺ፣ ጠፍጣፋውን ልጣጭ በስለት ላጪው፣ ግን ስስ አርገሽ ሳይሆን ወፈር አርገሽ፣ ምክንያቱም ልጣጩ ስር የቀረ አረንጓዴና ቢጫ ነገር ካለ ቢጫው ፈሳሽ አለ ማለት ነው። የቀረልሽ ጥርት ያለ ጄል እንደገና ውሃ ይነካው። ቢጫ ነገር አሁንም ካየሽበት ገና አልፀዳም። መጀመሪያ ክንድሽ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ተቀብተሽ እስከ ነገ ጠብቂ፣ ካላሳከከሽ የራስ ቆዳሽ ላይ ቀብተሽ ትንሽ ቆይተሽ ታጠቢው። ፎሮፎሩ ፈንገስ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ጄሉ ማሳከኩን ያስታግስልሽ ይሆናል እንጂ አይጨርሰውም፣ ኬቶኮናዞል ያለበት ሻምፖ ነው ሚያስፈልግሽ።

አቤል ቀበና፦
ለቃጠሎስ? እኔ ዳቦ ቤት ነው ምሰራው፣ ክንዳችንን ምጣድና ትሪ ሁሌ ይነካናል። ልጆቹ የጥርስ ሳሙና ነው ሚቀቡት።

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
አቤል የጥርስ ሳሙናውን አስቁምልኝ እባክህ፣ ቅቤም ዱቄትም እንቁላልም እንደዛው። የቧንቧ ውሃ፣ ቀዝቃዛ ግን በረዶ ያልሆነ፣ 20 ደቂቃ ሙሉ እየፈሰሰበት። ሰው ሁለት ደቂቃ ያረገውና ቀዘቀዘልኝ ብሎ ይተወዋል፣ ከላይ ሲቀዘቅዝ ታች ያለው ቆዳ ገና እየበሰለ ነው። ቀለበትና ሰዓት ቶሎ ይውለቅ፣ ሲያብጥ አይወጣም። ከዛ በኋላ ቀላል ቃጠሎ ከሆነ፣ ማለት ቀልቶ ሚያቃጥል ግን ያልተገለጠ ከሆነ፣ የፀዳ የአሎ ቬራ ጄል መቀባት ይቻላል፣ ጥሩ ነው የሚሉ ጥናቶችም አሉ፣ ጠንካራ ማስረጃ ነው ባይባልም። ቆዳው ከተላጠ፣ ከመዳፍ ከሰፋ፣ ፊት ወይም እጅ መጋጠሚያ ላይ ከሆነ ወይ ነጭ ሆኖ ካላመመው ሀኪም ቤት ነው።

ጥልቅ ቁስል ላይ ጄል ማረግ ደሞ ጭራሽ ሊያዘገይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ጥናት አለ፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ቁስላቸው ተከፍቶ የቀረ ሴቶች ላይ፣ በተለመደው ህክምና ብቻ የታከሙት በአማካይ በ53 ቀን ሲድኑ የአሎ ጄል የተጨመረላቸው 83 ቀን ፈጀባቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ግን እኔ ክፍት ቁስል ላይ አርጉ ብዬ አልመክርም።

ብሩኬ ስድስት ኪሎ፦
ቁልቋልም ከነዚሁ ነው? ነጭ ወተቱን ለኪንታሮት ሲቀቡ ሰምቻለሁ

እፅዋት ነኝ፦
ብሩኬ ቁልቋል ወፍራም ውሃ ያዥ ግንድ ስላለው ሰኩለንት ነው፣ ቤተሰቡ ግን ሌላ ነው፣ ኢዮፎርቢያሴ። ካክተስም አይደለም። ካክተስ ከአሜሪካ የመጣው በለሱ ነው። ነጩ ወተት ከእሬቱ ቢጫ በጣም የከፋ ነው፣ ቆዳ ይልጣል፣ አይን ውስጥ አንድ ጠብታ ከገባ ለቀናት ያሳውራል፣ ባስ ካለም ጉዳቱ ሊቀር ይችላል። ገብቶ ከተገኘ ወዲያው ብዙ ውሃ፣ ከዛ አይን ሀኪም።

የቀበናው አትክልተኛ፦
ልጆች እኔ ስለ መድኃኒቱ አልገባም እናንተ ታውቃላችሁ። ስለ አተካከሉ ግን ቤቲ ጀሪካኗ ሞላች ስትል ዝም ማለት አልቻልኩም። እሬት አዲስ አበባ ላይ የሚገድላት ክረምት ነው እንጂ ጥም አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ሳያባራ ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ ከተኛ ስሩ ይበሰብሳል፣ ቅጠሉ ከታች ጀምሮ እየለሰለሰ ቢጫ ይሆናል፣ ሰው ደሞ የጠማት መስሎት ውሃ ይጨምርላታል። የጀሪካኑን ቂጥ በጋለ ሚስማር ብዙ ቦታ ብሱት። አፈሩን ግማሽ በግማሽ ከቀይ አሽ ጋር ቀላቅሉት፣ የግንባታ እቃ የሚሸጡበት ሁሉ አለ፣ ደቀቅ ያለውን ምረጡ። ክረምት ሲገባ ከጣራ ጠርዝ ስር አስጠጓት፣ ከጣራ የሚወርደው ውሃ ግን እንዳያገኛት። ህዳርና ታህሳስ ሌሊቱ ሲከብድ የውጪዎቹ ቅጠሎች ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳሉ፣ አትደንግጡ፣ ብርዱ ሲያልፍ ይመለሳሉ።

ልጆቹን ለመለየት ከናቷ ስር ጋ ያለውን አፈር አንሱና የራሷ ስር ያላትን ብቻ ቁረጡ። ወዲያው አትትከሉ። ጥላ ቦታ ጥቂት ቀን አስቀምጡት፣ ቁስሉ ይድረቅ። ከተተከለችም በኋላ ለሳምንት ያህል ውሃ አትስጧት።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ጀሪካኑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው ለካ።

እናቴን ትናንት ማታ ቁጭ አርጌ ይሄን ሁሉ አነበብኩላት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ "እድሬ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይጠጣሉ" አለች፣ ከዛ የኩላሊቱና የፖታሺየሙ ላይ ስደርስ ዝም አለች። ኪኒኗ ፓኬቱ ላይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው የሚለው። ስትነሳ ያዞረኛል ብላ ስታማርር ነበር፣ እኔ ፆሙ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄደን ደም ሰጥታለች። አበባዋንም ቆርጬ አየሁት፣ እፅዋት ነኝ እንዳልከው ታች እብጥ ብሎ ከዛ ቀጠን ይላል፣ ፎቶውን ለጥፌዋለሁ። ቅጠሉ ጎን ያለው እሾህ ቡናማ ነው።

እፅዋት ነኝ፦
በጣም ጥሩ ፎቶ ነው። አሎ ቬራ አይደለችም፣ ያ እብጠት የነጠብጣቦቹ ምልክት ነው። የትኛዋ እንደሆነች ግን በፎቶ አልፈርድም። ማወቅ ከፈለግሽ አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ፣ ለሰፈርሽ ቅርብ ነው፣ አበባውን ከነዘንጉና አንድ ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለሽ ውሰጂላቸው፣ ከየት እንደተገዛችም ንገሪያቸው። አንድ አደራ፣ ከሀገራችን እሬቶች ገደል ላይ ያሉትን እየነቀሉ የሚሸጡ አሉ፣ ከአሎ ቬራ በስተቀር የእሬት ዝርያዎች ሁሉ በአለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር ስር ናቸው፣ ስትገዙ ከጓሮ የተባዛ ነው ወይስ ከዱር የተነቀለ ብላችሁ ጠይቁ። ዱር ያለችው ስታብብ ረጅም መንቁር ያላቸው ትናንሽ ወፎች ናቸው ሚያራቧት፣ ስትነቀል እነሱም ማር የሚቀስሙበት ያጣሉ።

የጊዮርጊስ ልጅ፦
ቤቲ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። እኔ ስለ ቢጫው ዛሬ ነው የሰማሁት፣ አያቴ ግን አሁን ሳስበው ቅጠሉን አቁማ ታንጠባጥበው ነበር፣ ምን እያረገች እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ፋርማሲስቷ ካዛንቺስ፦
አየህ፣ አያትህ ታውቀው ነበር።

ቤቲ የደሙ ውጤት ሲመጣ ፖታሺየሙን ቁጥር ንገሪኝ፣ ከ3.5 በታች ከሆነ ሀኪሙ ጋ ዛሬ ነገ ሳትይ ተመለሱ። ጨጓራዋን በተመለከተ ደሞ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ በሰገራ ይመርመርላት፣ እኛ ሀገር በጣም የተስፋፋ ነው፣ ካለባት አሲድ ከሚቀንስ መድኃኒት ጋር አንቲባዮቲክ ተሰጥቷት ይጠፋል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል እየወሰደች ከሆነ ለመርማሪዎቹ ንገሪያቸው፣ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። ለህመም ማስታገሻ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ትወስዳለች? እሱም ጨጓራ ይልጣል፣ ግፊትም ይጨምራል።

ቤቲ አራት ኪሎ፦
ዳይክሎፌናክ ለጉልበቷ ትወስዳለች! ማንም ጠይቋት አያውቅም። ለሀኪሙ ነገ እነግረዋለሁ፣ ውጤቱንም እዚሁ እፅፍላችኋለሁ።